ግልጽ ደብዳቤ፦ መንጠቆውም ወደብ ላይ ይፈተሽ

ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን
የግብርና፣ የገጠር ልማት፣ የሰማያዊ ኢኮኖሚና ዘላቂ አካባቢ መምሪያ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ በቱና አጥማጅ መርከቦች መንጠቆ የሚያልቁትን የባሕር ወፎች ይመለከታል

ከ25 ዲግሪ ደቡብ በታች ባለው የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል የሚያጠምዱ የቱና መርከቦች የባሕር ወፎችን እንዳይፈጁ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ ከዋለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ደንቡን ያወጣው የሕንድ ውቅያኖስ ቱና ኮሚሽን ነው፤ ከአባላቱ ሲሶ ያህሉ የአፍሪካ አገሮች ናቸው። ደንቡ ጉድለት ቢኖረውም ደካማ የሚባል አይደለም። የጎደለው መከበሩን የሚያረጋግጥ ሰው ነው። መርከቦቹ ዓሣ የሚያራግፉት፣ ነዳጅና ስንቅ የሚሞሉት በፖርት ሉዊስ፣ በደርባን፣ በኬፕታውን፣ በቪክቶሪያ ነው። ተቆጣጣሪ እግሩን መርከቡ ላይ የሚያሳርፈውም እዚያው ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው የአባል አገሮች የወደብ ተቆጣጣሪዎች ከዓሣው ማቀዝቀዣ በተጨማሪ መንጠቆውንና ገመዱን የሚፈትሹበትን አንድ ወጥ አሠራር መምሪያችሁ እንዲያዘጋጅ ነው።

ባሕር የሌላት አገር ሰዎች ስለ አልባትሮስ፣ ስለ አንድ ትልቅ የባሕር ወፍ፣ ምን አገባቸው የሚል አይጠፋም። የአህጉሩ የባሕር ፖሊሲ የሚረቀቀው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች ከተማ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ለሚመለከተው ቢሮ በቢሮው ደጅ ማንሳት ነውር የለበትም።

አሠራሩን እናስቀድም። አንድ ትልቅ ሎንግላይን መርከብ ከኋላው የሚዘረጋው ዋና ገመድ 100 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከዋናው ገመድ በየ30 ወይም በየ40 ሜትሩ አንድ ቅርንጫፍ ገመድ ይንጠለጠላል፤ በቅርንጫፉ ጫፍ መንጠቆ አለ፤ መንጠቆው ላይ ስኩዊድ ወይም ትንሽ ዓሣ ለማባበያ ይሰካል። መርከቡ በሰዓት 10 የባሕር ማይል እየተጓዘ ለ5 ሰዓት ሲዘረጋ ወደ 3,000 መንጠቆ ይጥላል፤ በየ6 ሴኮንዱ አንድ ማለት ነው። ወፏ የምትያዘው በዚህ ጊዜ ነው። ማባበያው ውኃ ላይ ካረፈ በኋላ እሷ ከማትደርስበት ጥልቀት እስኪገባ ጥቂት ሴኮንዶች አሉ። በእነዚያ ሴኮንዶች ትነጥቀዋለች፣ መንጠቆው ምንቃሯን ወይም ጉሮሮዋን ይይዛል፣ የሚሰጥመው ገመድ ይዟት ይወርዳል። ከሰዓታት በኋላ ገመዱ ሲሰበሰብ ሬሳዋ አብሮ ይወጣል፤ ያውም ከወጣ።

ሲያዙ በዓይን ከታዩ ወፎች መካከል ግማሽ ያህሉ ገመዱ ሲሰበሰብ መንጠቆው ላይ እንደማይገኙ በጥናት ታውቋል። ወይ ይበላሉ፣ ወይ ከመንጠቆው ይላቀቃሉ። መርከበኛው እውነቱን ቢመዘግብ እንኳ መዝገቡ የሚነግረን ከሞቱት የግማሹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ግምት በዓለም ላይ በሎንግላይን የሚሞተውን የባሕር ወፍ በዓመት ቢያንስ 160,000 ያደርሰዋል፤ ከ320,000 ሊበልጥ እንደሚችልም ይገልጻል።

አልባትሮስ ደግሞ በቀላሉ የሚተካ ወፍ አይደለም። ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ተኩል የሚደርሰው ዋንደሪንግ አልባትሮስ መራባት የሚጀምረው በ10 ዓመቱ ገደማ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ የሚጥለውም አንድ እንቁላል ብቻ ነው። እንቁላሉ 11 ሳምንት ይታቀፋል፣ ጫጩቷ ወደ 9 ወር ጎጆ ላይ ትቆያለች። እናትና አባት ተፈራርቀው ካልመገቧት አታድግም፤ ስለዚህ መንጠቆ ላይ የቀረ አንድ ወላጅ ጫጩቷንም ይዞ ይሄዳል። የተረፈው ወገን ሌላ ጥንድ እስኪያገኝ ዓመታት ያልፋሉ። በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ባሉት የክሮዜ ደሴቶች በተደረጉ ክትትሎች የታየ ሌላ ነገርም አለ፦ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ወደ ሰሜን፣ ሞቅ ወዳለው ውኃ ወጥተው ይመገባሉ። የቱና መርከቦችም የሚሠሩት እዚያው ነው። በዚህ ምክንያት ሴቶቹ በብዛት ያልቃሉ፣ ጎጆው አካባቢ ጥንድ ያጡ ወንዶች ይበዛሉ። የአምስተርዳም አልባትሮስ የሚባለው ዝርያ በዓለም ላይ የሚፈለፈለው በአንዲት ደሴት ብቻ ነው፤ በዓመት የሚራቡት ጥንዶች በአሥር ቤት የሚቆጠሩ ናቸው። እንዲህ ላለው ዝርያ በዓመት አምስትና ስድስት ወፍ ማጣት እንኳ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ደንቡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጸድቆ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የተሠራበት ውሳኔ ከ25 ዲግሪ ደቡብ በታች የሚያጠምድ ሎንግላይን መርከብ ከሦስት መከላከያዎች ቢያንስ ሁለቱን እንዲጠቀም ያዝዛል፦ በሌሊት መጣል፣ የወፍ ማባረሪያ ገመድ፣ በቅርንጫፍ ገመዱ ላይ የእርሳስ (የከባዱ ብረት) ክብደት። በ2023 ሲሻሻል መንጠቆውን ሸፍኖ የሚያወርድ መሣሪያ ብቻውን እንዲበቃ ተፈቅዷል። የአልባትሮስና ፔትረል (ከአልባትሮስ የሚያንስ የባሕር ወፍ) ጥበቃ ስምምነት ባለሙያዎች ምክር ግን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይሁኑ የሚል ነው፤ ልክ ነው ብለን የምናምነውም ይህንን ነው። ምክንያቱ ከራሳቸው ከመከላከያዎቹ ጠባይ ይመጣል።

በሌሊት መጣል ከሁሉም ርካሹ ነው። አልባትሮስ በአብዛኛው በቀን ስለሚመገብ በጨለማ የተጣለ መንጠቆ ብዙ አያገኘውም። ደንቡ ሌሊት የሚለው ከባሕረኞች ምሽት ማብቂያ እስከ ባሕረኞች ንጋት መጀመሪያ ያለውን፣ ፀሐይ ከአድማስ 12 ዲግሪ በታች የምትሆንበትን ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው የመርከቡ መብራት ነው፤ የመርከቡ ኋላ እንደ ቀን ከበራ የሌሊቱ ጥቅም ይቀራል። ሁለተኛው ጨረቃ ነው፤ በሙሉ ጨረቃ ሰሞን የሚያዘው ወፍ ይጨምራል፣ በተለይ በሌሊትም የሚመገበው ነጭ አገጭ ፔትረል። ሦስተኛው፣ በእኛ ግምት ትልቁ፣ የሰዓት ጉዳይ ነው። ቱና ቀን ላይ ስለሚበላ ካፒቴኖች መጣሉን ከንጋት በፊት ጀምረው ፀሐይ ከወጣች በኋላ መጨረስ ይመርጣሉ። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ሌሊት» ነው፤ ከመንጠቆዎቹ ግማሹ ግን የወረደው በቀን ብርሃን ነው። በታኅሣሥ ወር በ40 ዲግሪ ደቡብ እውነተኛው ጨለማ ከስድስት ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ ለአምስት ሰዓት ሥራ ይበቃል፣ ዘግይቶ ለጀመረ ግን አይበቃም።

የወፍ ማባረሪያው ገመድ የጃፓን ቱና አጥማጆች ያመጡት ዘዴ ነው። ከመርከቡ ኋላ ካለ ረጅም ምሰሶ ተነስቶ በአየር ላይ ይዘረጋል፤ ከእሱ ላይ ደማቅ ቀለም ያላቸው ጥብጣቦች ይንጠለጠላሉ። ሥራው ማማ ላይ ቆሞ ማሽላውን ከግሪሳ የሚጠብቅ ልጅ እንደሚሠራው ነው፦ ወፉን አይጎዳም፣ እንዳያርፍ ብቻ ይከለክላል። 35 ሜትርና ከዚያ በላይ ርዝመት ባለው መርከብ የገመዱ የአየር ላይ ክፍል ቢያንስ 100 ሜትር መሆን አለበት፤ ረጃጅም ጥብጣቦቹ ከ5 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ታስረው በጸጥተኛ ባሕር ውኃውን መንካት አለባቸው። ከ35 ሜትር በታች ላለው መርከብ 75 ሜትር ይበቃል።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? ምሰሶው አጭር ከሆነ ገመዱ ቶሎ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ 100 ሜትር የተባለው 50 ይሆናል። ገመዱን ወጥሮ የሚይዘው ጫፉ ላይ ያለው ጎታች ነው፤ ጎታቹ ተንሳፋፊ ኳስ ከሆነ ከዋናው ገመድ ጋር ይጠላለፋል፣ አንድ ጊዜ የተጠላለፈበት ካፒቴን ደግሞ በማግስቱ አያወጣውም። ስለዚህ ጎታቹ ወፍራም ረጅም ገመድ ቢሆን ይሻላል፤ ምሰሶው አጠገብ ደግሞ ከመጠን በላይ ሲጎተት ቀድሞ የሚበጠስ ደካማ ማያያዣ ይግባ። የጎን ነፋስ ገመዱን ከማባበያው በላይ ገፍቶ ያርቀዋል፤ መከላከያው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መዘርጋት፣ ማባበያውንም ከጥብጣቦቹ ሥር መጣል ነው። ትርፍ ገመድ መርከቡ ላይ ካልተያዘ የመጀመሪያው በተበጠሰ ማግስት ጉዞው በሙሉ ያለ መከላከያ ይቀጥላል።

የማባረሪያው ገመድ የሚጠብቀው ግን ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። በሰዓት 10 የባሕር ማይል የሚሄድ መርከብ በሴኮንድ 5 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ 100 ሜትሩ በ20 ሴኮንድ ያልቃል። መንጠቆው በዚያ ጊዜ 10 ሜትር ጥልቀት እንዲደርስ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር መስጠም አለበት። ክብደት የሌለው መንጠቆ የዚህን ግማሽ እንኳ አያመጣም። ፍጥነቱን ወደ 8 የባሕር ማይል መቀነስ 4 ሴኮንድ ይጨምራል፤ ትንሽ ቢመስልም በዚህ ስሌት ትልቅ ነው። ሦስቱ መከላከያዎች አብረው ካልሆኑ የማይበቁትም ለዚህ ነው።

እርሳሱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ክርክር ያለው እዚህ ነው። የ2012ቱ ሠንጠረዥ ሦስት አማራጭ ይሰጥ ነበር፦ ከ45 ግራም በላይ ከመንጠቆው በ1 ሜትር ውስጥ፣ ከ60 ግራም በላይ በ3.5 ሜትር ውስጥ፣ ከ98 ግራም በላይ በ4 ሜትር ውስጥ። ችግሩ ርቀቱ ነው። እርሳሱ ከመንጠቆው 3.5 ሜትር ከራቀ መጀመሪያ የሚሰጥመው እርሳሱ ብቻ ነው፤ በመካከል ያለው ገመድ እስኪወጠር ድረስ ማባበያው ላይ ላዩን ይቆያል። ወፏ የምትደርሰው በዚያ መካከል ነው። ስለዚህ የአልባትሮስና ፔትረል ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚመክረው 40 ግራም በግማሽ ሜትር፣ 60 ግራም በ1 ሜትር፣ ወይም 80 ግራም በ2 ሜትር ውስጥ እንዲሆን ነው። የወደብ ተቆጣጣሪዎች ሲለኩ መመዘኛቸው ይህ ቢሆን እንመርጣለን።

መርከበኞች እርሳስን የሚፈሩበት እውነተኛ ምክንያት አላቸው። ዓሣ እየተጎተተ ሳለ ገመዱ ሲበጠስ ወይም ሻርክ ሲቆርጠው እርሳሱ ወደ መርከቡ ይወነጨፋል፤ ሰው አቁስሏል፣ ገድሏልም። ይህን ስጋት ንቆ ደንብ ማስከበር አይቻልም። መልሱ ገመዱ ሲበጠስ በገመዱ ላይ ተንሸራትቶ የሚወጣ እርሳስ መጠቀም ነው፤ ኃይሉን ሰው ጋ ሳይደርስ ይጨርሳል። ዋጋውን መሸከም የሚችል ደግሞ መንጠቆውን በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ይዞ ቢያንስ 10 ሜትር ከወረደ በኋላ በውኃው ግፊት የሚከፈተውን መሣሪያ ይጠቀም፤ ይህ ብቻውን በቂ ነው ከሚባሉት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ነጭ አገጭ ፔትረልን ደግመን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋንደሪንግ አልባትሮስ ራሱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይጠልቅም። ፔትረሉ ግን ከ10 ሜትር በላይ ጠልቆ የሰጠመውን ማባበያ ይዞ ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ አልባትሮሱ ይቀማውና እሱ ይያዛል። መንጠቆው 3 ሜትር ከገባ አልባትሮስ ተርፏል ብሎ የሚያሰላ ሰው ይህን ረስቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን። በቱና ኮሚሽኑ ደንብ የወደብ አገር በዓመት ከሚራገፈውና ከሚተላለፈው ቢያንስ 5 በመቶውን መፈተሽ አለበት። ፍተሻው የሚያተኩረው በዓሣው ዓይነትና መጠን፣ በፈቃዱና በመዝገቡ ላይ ነው። በዚያው ሰዓት አንድ ተቆጣጣሪ የሜትር ገመድ፣ ትንሽ ዲጂታል ሚዛንና ካሜራ ይዞ ቢገባ የሚከተለውን በአንድ ሰዓት መጨረስ ይችላል። ቅርንጫፍ ገመዶቹ ከሚቀመጡባቸው ሣጥኖች እሱ ራሱ መርጦ (መርከበኛው መርጦ አይስጠው) ከተለያዩ ሣጥኖች 20 ያውጣ፤ እርሳሱን ይመዝን፣ ከመንጠቆው ያለውን ርቀት ይለካ። እርሳስ የተሰፋበትን ገመድ ባሕር ላይ በሺዎች አስሮ መፍታት ስለማይመች፣ ወደብ ላይ የታየው ባሕር ላይም የነበረው ነው ብሎ መውሰድ ይቻላል። የእርሳሱ ልዩ ጥቅም ይህ ነው፤ ከሦስቱ መከላከያዎች ውስጥ ወደብ ላይ ሙሉ በሙሉ ሊረጋገጥ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

የማባረሪያው ገመድ ወደብ ላይ በከፊል ይታያል። ዳር ላይ ተዘርግቶ ርዝመቱ፣ የጥብጣቦቹ ርቀትና ርዝመት ይለካል፤ ትርፉም ይቆጠራል። የምሰሶው ከፍታ ከውኃው ወለል ሲለካ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ዓሣውን ያራገፈ መርከብ ከፍ ብሎ ስለሚንሳፈፍ ምሰሶው ከእውነቱ ይረዝማል። ስለዚህ መለካት ያለበት መርከቡ እንደደረሰ፣ ከማራገፉ በፊት ነው። ጥብጣቦቹ ፀሐይ ያልነካቸው፣ ጨው ያልያዛቸው፣ ገና ከማሸጊያቸው ያልወጡ ከሆነና መርከቡ ለስድስት ወር ከ30 ዲግሪ በታች ሲያጠምድ እንደነበር መዝገቡ ካሳየ ተቆጣጣሪው ሌላ ማስረጃ ብዙም አያሻውም።

በሌሊት መጣሉን የሚያረጋግጠው የሳተላይት መከታተያው ነው። መርከብ ሲጥል ፈጥኖና ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሲሰበስብ ቀርፋፋና ጠማማ ነው፤ ልዩነቱ በካርታ ላይ ያስታውቃል። የመጣሉን መጀመሪያና መጨረሻ ከንጋቱ ሰዓት ጋር ማስተያየት ለአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መከታተያውን የሚያጠፉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ከክሮዜ፣ ከኬርጌለንና ከአምስተርዳም ደሴቶች የተነሱ አልባትሮሶች የመርከብ ራዳር የሚለይ ትንሽ መሣሪያ ተሸክመው ነበር፤ በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ ካገኟቸው መርከቦች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት መለያ ምልክታቸውን አያስተላልፉም ነበር። ሰዓቱ የጎደለ መዝገብ ይዞ የሚመጣ መርከብ ወደብ ላይ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ብዙ ሎንግላይን መርከቦች ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ወደብ ሳይገቡ ዓሣቸውን ባሕር ላይ ለአጓጓዥ መርከብ እያስተላለፉ ይቆያሉ፤ ይህን እናውቃለን። ግን በአጓጓዡ ላይ የኮሚሽኑ ታዛቢ አለ። ያ ታዛቢ የአጥማጁን መርከብ ምሰሶና የገመድ ሣጥኖች ፎቶ እንዲያነሳ ማዘዝ አዲስ ስምምነት አይጠይቅም። በአጥማጆቹ ላይ ያለው የታዛቢ ሽፋን ደግሞ በደንቡ 5 በመቶ ነው፤ ታዛቢው አብዛኛውን ሰዓቱን የሚያሳልፈውም በመሰብሰቢያው በኩል ነው፣ ወፉ ግን የሚሞተው በመጣያው በኩል ነው። በ2023 ኮሚሽኑ ለካሜራ ቁጥጥር መመዘኛ አውጥቷል። አባል አገሮቻችሁ ይህን ሲተገብሩ አንዱ ካሜራ ወደ መርከቡ ኋላ ማየቱን፣ በጨለማም የሚቀርጽ መሆኑን ያረጋግጡ፤ መሰብሰቢያውን ብቻ የሚያይ ካሜራ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም።

በሕይወት የሚወጡ ወፎች ላይ ብዙ አንልም። ወፏ በመረብ ተነስታ በፎጣ ትጠቅለል፣ ክንፏ ይታጠፍ፣ አፍንጫዋ አይሸፈን፤ የመንጠቆው እሾህ በጉጠት ተቆርጦ ግንዱ ወደኋላ ይውጣ፤ የተዋጠ መንጠቆ ሳይጎተት ገመዱ አጠገቡ ይቆረጥ። መመሪያው በመርከበኞቹ ቋንቋ ተለጥፎ መገኘቱም የፍተሻው አካል ይሁን።

ይህ ሁሉ ይሠራል ወይ ለሚለው ማስረጃው በአህጉሩ ውስጥ አለ። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ2015 የማባረሪያ ገመድን በሕግ ካስገደደች በኋላ በባሕር ግርጌ በሚዘረጋ ሎንግላይን የሚሞተው ወፍ በ98 በመቶ ቀንሷል፤ ገመዶቹን ዋልቪስ ቤይ ውስጥ የሚሠሩት ሜሜ ኢቱምባፖ የተባለው የሴቶች ማኅበር አባላት ናቸው፣ ገቢያቸውም ነው። በደቡብ አፍሪካ የመረብ መርከቦች ላይ በተመሳሳይ ዘዴ የአልባትሮስ ሞት በ99 በመቶ ወርዷል። ከአፍሪካ ውጭ፣ በደቡብ አትላንቲክ ባለችው በደቡብ ጆርጂያ ደሴት ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 በሺዎች ይሞቱ የነበሩት ወፎች በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ምንም ተጠግተዋል፤ እዚያ ግን በየመርከቡ ላይ ታዛቢ ነበር፣ ማጥመድም ወፎቹ በማይፈለፈሉበት ወቅት ብቻ ይፈቀድ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ቁጥጥሩ ነው።

ስለዚህ መምሪያው ከላይ የዘረዘርነውን ፍተሻ በአንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቶ ለሞሪሺየስ፣ ለሲሸልስ፣ ለደቡብ አፍሪካ፣ ለሞዛምቢክ፣ ለማዳጋስካርና ለኬንያ የወደብ ባለሥልጣናት እንዲያሰራጭ፤ ከቱና ኮሚሽኑ ዓመታዊ ስብሰባ በፊት የአፍሪካ አባላት «ከሦስቱ ሁለቱ» የሚለው ወደ «ሦስቱም» እንዲለወጥ የጋራ አቋም እንዲይዙ እንዲያስተባብር እንጠይቃለን። የአልባትሮስና ፔትረል ጥበቃ ስምምነት 13 አባላት አሉት፤ ከአፍሪካ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ሥራውን በተግባር ያሳየችው ናሚቢያና መርከቦቹ የሚገቡባት ሞሪሺየስ እንዲቀላቀሉ መምሪያው ቢያበረታታ፣ የገመድና የእርሳስ መመዘኛው በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ የአህጉሩ ድምፅ አንድ ብቻ አይሆንም።

ቅጹን ለማርቀቅና ተቆጣጣሪዎችን ለማሠልጠን የሚያስፈልግ የሙያ እገዛ ቢኖር ዝግጁ መሆናችንን እንገልጻለን።

ከሰላምታ ጋር
የአዕዋፍና የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለሕንድ ውቅያኖስ ቱና ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት፣ ቪክቶሪያ
ለአልባትሮስና ፔትረል ጥበቃ ስምምነት ጽሕፈት ቤት፣ ሆባርት